የጡረተኛው ክኒንና የኩባንያው ትርፍ

በካፒታሊስቱ ዓለም አውራ በሆነችው በአሜሪካ፣ ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካ፣ በሆቴል ወጥ ቤትና በታክሲ መሪ ላይ ጉልበቱን ያፈሰሰ ሠራተኛ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ለመግዛት አቅም እያጠረው ክኒኑን ለሁለት ገምሶ እንደሚውጥ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛ ይህን ለመድገም አልተነሣንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የአገሪቱ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ አረጋውያን የመድኃኒት ወጪ የሚመድበው እርዳታ በእርግጥ የሚደርሰው ለማን ነው? በበሽተኛው እጅ ይቀራል ወይስ በበሽተኛው በኩል አልፎ በኩባንያው ካዝና ያርፋል? ጉዳዩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ የሚኖሩ የእኛው አገር ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በዚሁ ሕግ ሥር ይተዳደራሉ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና በ1965 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ጆንሰን ፊርማ ሲቋቋም የሆስፒታልና የሐኪም ወጪን እንዲሸፍን ተደረገ እንጂ በሽተኛው ከፋርማሲ ገዝቶ ቤቱ የሚውጠውን መድኃኒት በጠቅላላው አልጨመረም። በዚያን ጊዜ ከባዱ ወጪ የሆስፒታል አልጋ ነበር። ዘመኑ ሲለወጥና የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ በሽታ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚያዝ ሲሆን ግን ሕጉ ባለበት ቆመ። በ1988 ዓ.ም. የመድኃኒትን ወጪ የሚጨምር ሕግ ወጥቶ ነበር። ዳሩ ግን ወጪው ከአረጋውያኑ ከራሳቸው በሚሰበሰብ ክፍያ እንዲሸፈን በመደረጉ፣ በተለይም ጭማሪው የከበደባቸው የተሻለ ገቢ ያላቸው ጡረተኞች ተቃውሞ በማስነሣታቸው፣ በዓመቱ ተሻረ። ድኻው ጡረተኛም አብሮ ቀረ። በ1999 ዓ.ም. የቨርሞንቱ እንደራሴ በርኒ ሳንደርስ የጡት ካንሰር መድኃኒት የሚሹ ሴቶችን ይዘው ወደ ሞንትሪያል፣ ካናዳ መሻገራቸው ሁኔታው ምን ደረጃ እንደደረሰ ያስረዳል። ያው መድኃኒት ከድንበሩ ማዶ በጥቂት ዋጋ ይሸጥ ነበርና።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሥርዓት የተመሠረተው በዲሴምበር 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቡሽ በፈረሙትና ከጃንዋሪ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ይህ ሕግ እንዴት እንደወጣ ማየቱ ስለ ባሕርዩ ብዙ ይናገራል። በሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በተለመደው ደንብ 15 ደቂቃ የሚወስደው ድምፅ አሰጣጥ ከሌሊቱ ጀምሮ ወደ ሦስት ሰዓት ያህል ተጎትቶ፣ ሲነጋጋ 220 ለ215 በሆነ ድምፅ አለፈ። በሕጉ ውስጥም መንግሥት ከመድኃኒት አምራቾች ጋር በዋጋ ላይ እንዳይደራደር የሚከለክል አንቀጽ ገባ። መድኃኒቱን የሚሸፍኑት የግል የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሆኑ፣ የመንግሥት ድርሻ ደግሞ መክፈል ብቻ ሆነ። ሕጉን በማርቀቅ ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው የኮሚቴ ሊቀ መንበር ቢሊ ቶዚን በ2005 ዓ.ም. የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር ኃላፊ ሆነው መቀጠራቸውን አንባቢ እንደፈቀደው ይተርጉመው።

ዋጋን መደራደር የማይቻል ነገር ነው የሚለውን ክርክር ራሱ መንግሥቱ ያፈርሰዋል። ለቀድሞ ወታደሮቹ መድኃኒት የሚገዛው የዚያው መንግሥት መሥሪያ ቤት ዋጋ እየተከራከረ በርካሽ ሲገዛ ኖሯል። በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ግምጃ ቤት ገንዘብ፣ ለአንዱ ጡረተኛ በድርድር ለሌላው ያለ ድርድር ተገዛ ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን በድኾቹ ላይ የሆነው ነው። ከ2006 ዓ.ም. በፊት እጅግ ድኻ የሆኑት አረጋውያን መድኃኒታቸውን የሚያገኙት ሜዲኬይድ በተባለው የድኾች ሕክምና ፕሮግራም ሲሆን፣ በ1990 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት አምራቾቹ በዚህ ፕሮግራም ለሚሸጡት መድኃኒት ለመንግሥት ቅናሽ የመመለስ ግዴታ ነበረባቸው። አዲሱ ሕግ እነዚህን አረጋውያን ወደ ግል ኢንሹራንሶቹ ሲያዛውራቸው ግዴታው አብሯቸው አልሄደም። ሰውየው ያው ነው፤ ክኒኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ኩባንያው የሚያገኘው ገንዘብ ነው። በዝውውሩ የመጀመሪያ ሳምንቶች ደግሞ ስማቸው በመዝገብ አልተገኘም እየተባሉ ከፋርማሲ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ በመብዛታቸው ብዙ ክፍለ ግዛቶች ከራሳቸው ገንዘብ እያወጡ ለመክፈል ተገደዋል።

እንዲህ ስንል እርዳታው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ሕጉ የኩባንያ መሣሪያ ነውና አንፈልገውም የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ እኛ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። «ኤክስትራ ሄልፕ» ማለትም ተጨማሪ እርዳታ የተባለው ክፍል ለድኻው ጡረተኛ እውነተኛ እፎይታ ነው። በ2022 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 2024 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ገቢው መንግሥት የድህነት ወለል ብሎ ከሚያወጣው ሂሳብ ከአንድ ተኩል እጥፍ የማይበልጥ ሁሉ ሙሉውን እርዳታ እንዲያገኝ ተደርጓል። በ2025 ዓ.ም. ይህ ለብቸኛ ሰው በዓመት 23,475 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 31,725 ዶላር ነበር። ተረጂው በዚያ ዓመት ለአንድ ተራ መድኃኒት ቢበዛ 4 ዶላር ከ90 ሳንቲም፣ የንግድ ስም ላለው 12 ዶላር ከ15 ሳንቲም ይከፍል ነበር። መቶዎች ዶላር በሚጠየቅበት መደብር ፊት ለቆመ ሰው ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን እርዳታውን ለማግኘት ድኻ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ድህነትን በወረቀት ማስመስከር ያስፈልጋል። ሜዲኬይድ ያለውና አንዳንድ ሌላ እርዳታ የሚቀበለው ሰው ሳይጠይቅ ይመዘገባል። ሌላው ግን ገቢውን፣ የባንክ ተቀማጩንና ያለውን አክሲዮን እየቆጠረ ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ማመልከት አለበት። የሚኖርበት ቤትና መኪናው አይቆጠሩም፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ «ቤት ስላለኝ አይገባኝም» ብሎ ሳያመለክት ይቀራል። የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ራሱ እንደገለጸው መብቱ እያላቸው ያልተመዘገቡት ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከዚህም ሌላ መንግሥት የሚከፍለው ወርኃዊ መዋጮ በየአካባቢው ተወስኖ የተቀመጠ ጣሪያ ስላለው፣ ኢንሹራንሱ በዓመቱ ዋጋውን ከጣሪያው በላይ ካወጣ ሽማግሌው ወይ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል ወይ ወደ ሌላ ኩባንያ ይዛወራል። በየበልጉ በፖስታ የሚመጣለትን ደብዳቤ ያላነበበ ሰው በአዲሱ ዓመት ፋርማሲው ዘንድ ሲደርስ ነው የሚነቃው። ከገቢው ወሰን በአንድ ዶላር ያለፈውም እርዳታውን በሙሉ ያጣል።

የ2022 ዓ.ም. ሕግ ቁም ነገር እርዳታውን ማስፋቱ ብቻ ሳይሆን ዋጋውን መንካቱ ነው። በላይኛው ምክር ቤት 51 ለ50 በሆነ ድምፅ፣ በምክትል ፕሬዚዳንቷ ድምፅ ያለፈው ይህ ሕግ፣ ያን የ2003ን ክልከላ በከፊል ሰብሮ መንግሥት በተወሰኑ መድኃኒቶች ላይ እንዲደራደር ፈቀደ። የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች ዋጋ ከጃንዋሪ 2026 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ። ለስኳር በሽታ የሚታዘዘው ጃኑቪያ የአንድ ወር መደበኛ ዋጋ ከ527 ዶላር ወደ 113፣ የደም መርጋትን የሚከላከለው ኤሊኩዊስ ከ521 ወደ 231 ዶላር ወረደ። ኩባንያው በ113 ዶላር መሸጥ የሚችል ከሆነ ቀሪው 414 ዶላር የምን ዋጋ ነበር? ምርምር ገንዘብ እንደሚጠይቅ አንክድም። ሆኖም የኢንሱሊን ፈልሳፊዎች በ1923 ዓ.ም. የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር እንደሸጡ እያወቅን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ኢንሱሊን ለሜዲኬር ተጠቃሚዎች በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ በሕግ ማስገደድ ማስፈለጉ ምርምር በሚለው ቃል ብቻ የሚመለስ አይመስለንም። መርክ የተባለው ኩባንያ በ2023 ዓ.ም. መንግሥትን በፍርድ ቤት በመክሰስ ቀዳሚ ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ሙሉ እርዳታ የሚያገኘው ድኻ የሚከፍለው በሕግ የተወሰነ ስለሆነ የዋጋውን መውረድ በኪሱ ብዙም አያየውም፤ የሚያተርፈው ግብር ከፋዩ የሚሞላው ግምጃ ቤት ነው። ቅናሹ በኪስ የሚታየው ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ያለ ገቢ ላለው ጡረተኛ ነው። ስለዚህ ድኻውን መደጎምና ዋጋውን መግታት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ያለሌላው ሲሠራ ምን እንደሚሆን ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ታሪክ አሳይቷል።

ወደ ወገኖቻችን ስንመለስ፣ አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ግብር የከፈለ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ እንደማንኛውም ሠራተኛ ሜዲኬር ይገባዋል። ልጆቿ በስተርጅና ያስመጧት እናት ግን የሥራ ዘመን ስለሌላት፣ ግሪን ካርድ ይዛ አምስት ዓመት በተከታታይ ኖራ ነው በክፍያ ለመግባት የሚፈቀድላት። ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ የሜዲኬር ቁጠባ ፕሮግራም በሚባለው በኩል ክፍለ ግዛቱ ሊከፍልላት ይችላል። ይህን ያገኘ ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን ተጨማሪ እርዳታ ያለ ሌላ ማመልከቻ ያገኛል። ብዙ ልጆች አያውቁትም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ በየክፍለ ግዛቱም በነፃ የሚያማክሩ የጤና ኢንሹራንስ አማካሪዎች አሉ። እዚህ ያለን ወላጆችና ዘመዶችም በስልክ ስናገኛቸው እናስታውሳቸው።

በጁላይ 4 ቀን 2025 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፈረሙት ሕግ ግን በሩን አጥብቧል። ስደተኛነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው ጸድቆላቸው፣ ሠርተው ግብር ከፍለው፣ ነገር ግን ግሪን ካርድ ያልያዙ አረጋውያን ሜዲኬር እንዳያገኙ፣ ቀድሞ የገቡትም ከጃንዋሪ 4 ቀን 2027 ዓ.ም. እንዳያልፍ እንዲቋረጥባቸው ደንግጓል። ሜዲኬር ሲቋረጥ የመድኃኒት ኢንሹራንሱም ተጨማሪ እርዳታውም አብረው ይቋረጣሉ። ስደተኛው ወደ አገሩ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ ለግሪን ካርድ ማመልከት እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ወረቀቱን በመሳቢያ ያስቀመጠ ሽማግሌ ካለ ማውጣት ያለበት ከዚያ ቀን በፊት ነው።