የተማርነው የጠገበውን ባክቴሪያ ብቻ ነው

ዛሬ ፖለቲካውን ትተን ባክቴሪያ ልናማ ነው።

በሃይስኩል ባዮሎጂ የሸመደድናት ነገር ትዝ ትላችኋለች? ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ፣ አርኤንኤ ወደ ፕሮቲን። ራይቦዞም ትዕዛዙን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ አሚኖ አሲዶችን ይቀጣጥላል፤ አለቀ። ፈተናም ያለፍነው በዚሁ ነው። ችግሩ፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሌም የጠገበ ነው፤ 20ዎቹም አሚኖ አሲዶች ደጁ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ከላቦራቶሪ ውጭ ያለው ባክቴሪያ ግን ረሃብን አሳምሮ ያውቃታል። ለእኛ ደግሞ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

አስፓራጂን የምትባለው አሚኖ አሲድ አለቀች እንበል። ራይቦዞሙ የእሷ ትዕዛዝ ላይ ደርሶ ይገተራል። ላይሲን ግን ሞልታለች፤ የሁለቱ ትዕዛዝ ደግሞ የሚለያየው በሦስተኛው ፊደል ብቻ ነው። እናላችሁ፣ ላይሲን ተሳስታ ጥልቅ ትላለች። በደህናው ጊዜ ከ1,000 እስከ 10,000 አሚኖ አሲዶች ውስጥ አንድ ቢሳሳት ነው፤ አሁን ግን ስህተቱ ይበረክታል። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ እንደመቀላቀል በሉት (እዚህ ግን አስቦ የቀላቀለ የለም)።

ኢ. ኮላይ ለዚህ ደወል አለው። ባዶ እጁን የመጣ ቲአርኤንኤ ራይቦዞሙ ውስጥ ሲገባ፣ ሬልኤ የተባለው ፕሮቲን ፒፒጂፒፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሼልና ጋላንት ስለእሷ ሲጽፉ «ምትሃተኛዋ ነጥብ» ብለዋታል። እሷ ስትበዛ አዲስ ራይቦዞም መሥራት ይገታል፣ ምርት ይቀዘቅዛል፤ ፈላጊ ስለቀነሰ የቀረችው አሚኖ አሲድ ትብቃቃለች። በ1978 ኦፋረል ሁለቱን ዓይነት ባክቴሪያዎች አስርቦ አየ። ደወል የሌላቸው ሥራቸውን እንደወትሮው ሊቀጥሉ ሲሞክሩ የተሳሳቱ ፕሮቲኖች አመረቱ፤ ስህተቱ ጄሉ ላይ ከቦታቸው የተንሸራተቱ ነጥቦች ሆኖ ታየ። ደወል ያላቸው በዚያው ረሃብ ውስጥ ሆነው እምብዛም አልተሳሳቱም።

ስለዚህ «ረሃብ ያሳስታል» ብሎ ማለፍ ጉዳዩን በግማሹ መናገር ነው፤ የሚያሳስተው ተርቦ አለመቀዝቀዝ ነው። መምህሮቻችን ለዚህች አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጧት ምን ነበረበት?

«ለፈተና የማይመጣ ነገር ምን ያደርጋል?» ለምትሉ ደግሞ፦ ፔኒሲሊን የሚገድለው በማደግ ላይ ያለውን፣ ግድግዳውን እየገነባ ያለውን ባክቴሪያ ነው። ደወሉን ሰምቶ የተኛው ሊያመልጥ ይችላል። መድኃኒቱ አልፎ ምግብ ሲመጣም ተነስቶ መራባቱን ይቀጥላል።