የጎረቤት ውሻና የኛ ማዳበሪያ

ከግቢ ውጭ ተከራይታችሁ የምትኖሩ እጩ መምህራን ይህን ነገር ሳታውቁት አትቀሩም። ቆሻሻችሁን በማዳበሪያ ከታችሁ በር ላይ ታኖራላችሁ። ጧት ስትወጡ፣ ውሻ ሳይኖራችሁ፣ የውሻ ዓይነ ምድር ተደፍቶበት ይጠብቃችኋል።

አንዳንዱ «ቆሻሻ ከቆሻሻ ቢቀላቀል ምን አለበት?» ይላል። አለበት እንጂ! ማዳበሪያውን ተሸክመው የሚወስዱት፣ ፕላስቲኩንና ካርቶኑን በእጃቸው የሚለዩት ሰዎች ናቸው። በውሻ ዓይነ ምድር የወስፋት እንቁላል ይኖራል፤ አፈር ላይ ወራት ቆይቶም ሕፃናትን ይይዛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደገና ጥቅም የሚሰጠውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። እንዲህ የተበላሸውን ካርቶን እስቲ ማን ይለየዋል?

ጓደኞቼ «በአጥሩ ላይ መልሰህ ወርውርላቸው» ይሉኛል። አልስማማም። ነገ ብንታመም ሐኪም ቤት የሚያደርሱን እነሱው ጎረቤቶች ናቸው። ውሻውን እንመርዘው የሚሉማ አሉ፤ ውሻው ምን አደረገ?

በጠራራ ፀሐይ በሩን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከርስዎ ቤት ይሆን እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ! ነገ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ፊት ቆመን ስለ ንጽህና ልናስተምር፣ ዛሬ አንድ ጎረቤት ማናገር ከፈራን ምኑን መምህር ሆንነው? እምቢ ካሉ ያኔ ወደ ቀበሌ ይኬዳል።

ግቢ ያለው ሰው ከውሃ ጉድጓድና ከጓሮ አትክልት አርቆ ይቅበረው። ውሻው እንኳ ሲጨርስ አፈር ይጭርበት የለም? እኛም ማዳበሪያችንን ሰብሳቢዎቹ በሚመጡበት ጧት እናውጣ እንጂ ደጅ አናሳድረው።