መኪናው አራት ሚሊዮን፣ ውሉ አንድ ሚሊዮን ተኩል፦ ልዩነቱን ማን ይከፍለዋል?

አሰላ ውስጥ እህል የሚነግድ ሰው አይሱዙ ሲገዛ ደላላው የሚላት ነገር አለች። "ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፋት።" የስም ማዛወሪያው ክፍያ ይቀንሳል፣ ሻጩም የሸጠበት ትርፍ ትንሽ መስሎ ይታይለታል። ተጨባብጠው ይለያያሉ። ገዢው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንዳጣ ብዙ ጊዜ የሚገባው ግብር ሲመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ የተገዛ መኪና ዋጋው በአንድ ዓመት ወጪ ተብሎ አይያዝም፤ በየዓመቱ በእርጅና ቅናሽ ነው የሚቀነሰው። በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት በቀጥተኛው ስሌት በዓመት የዋጋው 15 በመቶ ይቀነሳል። ናፍጣ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጋራዥ፣ ኢንሹራንስና የሾፌር ደመወዝ ግን በወጡበት ዓመት ይያዛሉ፣ ደረሰኝ እስካለ ድረስ።

እንበልና ከበቆጂ ገብስ እየጫነ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚያራግፍ ነጋዴ አይሱዙውን በ4 ሚሊዮን ብር ገዛ። ትክክለኛው ዋጋ ቢጻፍ በዓመት 600 ሺህ ብር ይቀነስለታል። ውሉ 1.5 ሚሊዮን ካለ ግን 225 ሺህ ብቻ ነው። ልዩነቱ 375 ሺህ ነው። ትርፉ የላይኛው መደብ ላይ፣ ማለትም 35 በመቶው ላይ ከደረሰ፣ በዓመት እስከ 131,250 ብር ተጨማሪ ግብር ማለት ነው። ይሄ ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ የእርጅና ቅናሹ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ይሄዳል። ለስም ማዛወሪያ ያተረፋትን ብር በዚህ መዝኑት። (እሱም ሲሸጥ የግዢ ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ትርፉ ይጋነንበታል፤ ስለዚህ ቀጣዩንም ገዢ "ዝቅ እናድርጋት" ይለዋል። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው የሚቀጥለው።)

"እኔን ምን አገባኝ፣ ትንሽ ነጋዴ ነኝ" የሚል ይኖራል። ሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃዎች ሁለት አድርጓቸዋል። ድንበሩ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ነው፣ ትርፍ አይደለም። በወር ወደ 167 ሺህ ብር። እህል ለሚሸጥ ሰው ይሄ ምኑም አይደል፣ በአንድ ጥሩ የመኸር ወር ብዙውን ይጨርሰዋል። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ "ሀ" ነው፣ የሂሳብ መዝገብ ግዴታው ነው። የግል ነጋዴን ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ቢሆንም አካሄዱ በአብዛኛው የፌደራሉን ይከተላል።

አንድ ነገር አለ፦ ወጪ ስለበዛ ብቻ ግብሩ ዜሮ አይሆንም። አዲሱ አዋጅ ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ የሚሰላ ዝቅተኛ ግብር አስገብቷል። ለእህል ነጋዴ ይሄ ከባድ ነው፤ ሽያጩ ትልቅ፣ ትርፉ ቀጭን ነውና። እኔ በግሌ ሕጉ እዚህ ላይ የእኛን ዓይነት ንግድ በደንብ ያየ አይመስለኝም።

ሌላው የሊብሬው ጉዳይ ነው። ብዙ መኪና በወንድም ወይም ውጭ ባለ ዘመድ ስም ነው ያለው። የእርጅና ቅናሹ የባለቤቱ ነው፤ እናንተ ናፍጣውን እየሞላችሁ ዋጋውን መቀነስ አትችሉም። ቢያንስ የኪራይ ውል ይኑራችሁ። ኪራዩ ለእናንተ ወጪ ይሆናል፣ ለወንድማችሁ ግን ገቢ ነው፤ እሱም ግብር አለበት። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ የሚመላለስ ፒክአፕ ከሆነ ደግሞ የሚያዘው ለሥራ የዋለው ድርሻ ብቻ ነው።

ከ2 ሚሊዮን በታች ያለው፣ ድንች በባለ ሦስት እግር ጭኖ ሳጉሬና አሰላ የሚሸጠው ልጅ፣ ደረጃ "ለ" ነው። የእሱ ግብር የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጩ ነው። መኪናው፣ ነዳጁ፣ የፈነዳችው ጎማ ስሌቱ ውስጥ አይገቡም።