ለትምህርት ክፍያ ሲባል በመድኃኒት ሙከራ መሳተፍ

በምዕራቡ ዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ «ጤናማ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ለሕሙማን ከመሰጠታቸው በፊት በመጀመሪያ የሚሞከሩት በጤነኛ ሰዎች ላይ ነው፤ ለጊዜያቸውና ለድካማቸውም ገንዘብ ይከፈላቸዋል። የትምህርት ክፍያና የቤት ኪራይ የከበዳቸው ተማሪዎች በዚህ ገንዘብ ይሳባሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚማሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆችም ይህንኑ ማስታወቂያ ያነብባሉና ወላጆች፣ ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ጉዳዩን በማስተዋል ሊመለከቱት ይገባል።

የሕክምና ምርምር በራሱ ክፉ አይደለም። ዛሬ ሕሙማን የሚፈወሱባቸው ብዙ መድኃኒቶች የተገኙት ሌሎች ሰዎች ቀድመው ለሙከራ ፈቃደኛ በመሆናቸው ነው። ለማያውቁት ሕመምተኛ ፈውስ ሲሉ ጥቂት ድካም መቀበል የፍቅር ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹ ሙከራዎችም ያለ ከባድ ጉዳት ይፈጸማሉ። ጥያቄው የሚነሣው ተማሪውን ወደ ሙከራው የሚያስገባው በነጻነት ያደረገው ውሳኔ ሳይሆን የክፍያው ቀን መድረስ ሲሆን ነው።

አደጋው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢከሠትም ልብ ወለድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ አንዲት የ19 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 150 ዶላር በሚከፈልበት ምርምር ተሳተፈች። ከሳንባዋ ናሙና ለመውሰድ የተሰጣት የማደንዘዣ መድኃኒት ከመጠን በማለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ዐረፈች። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በለንደን አዲስ መድኃኒት የተወጉ ስድስት ወጣት ወንዶች በሰዓታት ውስጥ የሰውነት ክፍሎቻቸው ሥራ አቁመው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። የተሰጣቸው መጠን በእንስሳት ላይ ጉዳት ካላሳየው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ክፍያውም 2,000 ፓውንድ ነበር። ሁሉም በሕይወት ቢተርፉም ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በፈረንሳይ ሬን ከተማ በተመሳሳይ ሙከራ አንድ ሰው ሞቷል።

እንዲህ ያሉ ጉዳቶችን ለመከላከል ሕግጋት ተደንግገዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ድንጋጌ የተሳታፊው ነጻ ፈቃድ ፈጽሞ አስፈላጊ መሆኑን አጽንቷል። ዛሬም እያንዳንዱ ሙከራ በሥነ ምግባር ቦርድ ይመረመራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለተሳታፊ የሚሰጠው ገንዘብ የሙከራውን አደጋ እንደሚያካክስ ጥቅም እንዳይቆጠር ያሳስባል። ይሁን እንጂ ቦርዱ የሚመረምረው ሰነዱን ነው፤ የተማሪውን የኪራይ ዕዳ አያይም። ወረቀቱ ላይ በነጻነት የተፈረመው ፊርማ በልቡ ግን ችግር ያስፈረመው ሊሆን ይችላል።

ችግር ደግሞ ወደ ሐሰት ይገፋል። ከሙከራው እንዳይወጣ የሚፈራ ተማሪ የቀድሞ ሕመሙን ይደብቃል፤ ራስ ምታቱን አይናገርም፤ በሁለት ሙከራዎች መካከል ሊያርፍ የሚገባውን ጊዜ ሳይጠብቅ ወደ ሌላው ይሄዳል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ተሳታፊዎችን የሚመዘግቡበትን ሥርዓት ያዘጋጁት ስለዚህ ነው። ይህ ሐሰት የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ተማሪው የሸሸገው ምልክት ከመዝገቡ ይጎድላል፤ ነገ ያንን መድኃኒት የሚውጠው ሕመምተኛ ዋጋውን ይከፍላል። ለወንድም ይጠቅማል የተባለው ሥራ በዚህ ጊዜ ወንድምን የሚጎዳ ይሆናል።

ስለዚህ ለመሳተፍ የሚያስብ ተማሪ ከመፈረሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የሚሞከር ነውን? በማንኛውም ሰዓት ቢያቋርጥ እስከዚያ ለቆየበት ይከፈለዋልን? ጉዳት ቢደርስበት የሚያሳክመው ማን ነው? በአሜሪካ የፌዴራሉ ደንብ ካሳ እንዲከፈል አያስገድድም፤ ከቀላል ያለፈ አደጋ ባለበት ምርምር ካሳና ሕክምና መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ እንዲነገር ብቻ ያዝዛል። የሚገኘው ገንዘብም በዚያ ሀገር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። በአንዳንድ ሙከራዎች ተሳታፊው የተወሰነ ቅባት ያለው ምግብ እንዲበላ ይገደዳል። ይህ በጾም ወቅት ለሚገጥመው ልጅ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ሊመካከርበት የሚገባ ነው፤ ጾመኛ መሆኑንም ከሐኪሙ ሊደብቅ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም የመንደሩ ሰው ከማዕዱ ቆርሶ ይሰጠው ነበር። ተማሪው ድካምና ረኀብ ባይቀርለትም የትምህርቱን ዋጋ ብቻውን አልተሸከመም፤ ሕዝቡ አብሮት ተሸክሟል። ዛሬ በባዕድ ሀገር ያለው ተማሪ ደጅ አይጠናም፤ ችግሩን በመኝታ ክፍሉ ይዞት ይቀመጣል። አጥቢያዎች ለተማሪዎች አነስተኛ የመረዳጃ ገንዘብ ቢያዘጋጁ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል ማመልከቻን በማዘጋጀት የሚያግዟቸው ምሁራን ምእመናንን ቢመድቡ፣ ወላጆችም ስለ ውጤት ብቻ ሳይሆን ስለ ኪራዩና ስለ እራቱ ቢጠይቁ፣ ልጁ በማስታወቂያው ፊት ሲቆም «እምቢ» ማለት የሚችል ይሆናል። «እምቢ» ማለት የሚችል ሰው «እሺ» ቢልም ፈቃዱ የእውነት ፈቃድ ነው።