ቀንድ አውጣ ቀጥሮ እጅን መታጠብ

የምንጠላውን ቃል አስቀድመን እንናገርና ይለይልን፦ «የጽዳት ቡድን»። የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ፣ ወይም አንድ ቀን ይኖረኛል ብላችሁ የምታልሙ ወዳጆቻችን ይህን ቃል ሳትሰሙ አትቀሩም። ገንዳው አረንጓዴ ሲሆን ቀንድ አውጣው፣ ሸርጣኑ፣ የባሕር ጃርቱ በደርዘን ተገዝቶ ይገባል፤ እነሱ ይልሳሉ፣ እኛ ሶፋ ላይ ተደላድለን ማኪያቷችንን እንጠጣለን። ሐሳቡ ይኸው ነው። እኛም አምነንበት ነበር። አምነንበትም ሃያ ሰባት ነፍስ አጥፍተናል። ስለዚህ ይህን የሚጽፍላችሁ እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው አይደለም።

ገንዳችን 300 ሊትር ነው። አራት ሆነን ካዛንቺስ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት እንደ ልጅ አሳደግነው። አንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይፈልጋል፤ ለሙሉው ገንዳ አስር ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ጨዉን የምታመጣልን ዱባይ የምትመላለስ አክስታችን ናት። (የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አፋር ሙሉ ጨው እያለላችሁ?» ይለናል። የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ኮራሉ አፅሙን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ከዚያም ማግኒዚየሙና ሌላው ሌላው በልኩ የለበትም። አሞሌ ወጥ ያጣፍጣል፣ ኮራል ግን አያኖርም።)

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ እኛም ዕቃችንን ሸክፈን ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተሻገርን። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምናወራው ስለ ገንዳው ነው። አልጋና ፍሪጅ ስናመላልስ ድንጋዮቹ በላስቲክ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ቀን ያለ ውሃ ዋሉ። የሪፍ ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በየቀዳዳው ትልና ስፖንጅ፣ ባክቴሪያም ሞልቶበታል። ግማሹ ሞተ። የሞተው በሰበሰ፣ የበሰበሰው ናይትሬትና ፎስፌት ሆነ፤ በሦስተኛው ሳምንት ገንዳችን የበግ ለምድ የለበሰ መሰለ፣ ያውም አረንጓዴ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልን። ምክንያቱን እናውቀው ነበር! ከዓይናችን ፊት የተፈጸመ ነገር ነው። ግን ማን ምክንያት ይወዳል? የምንወደው መፍትሔ ነው፤ ያውም በፌስታል ታስሮ የሚሸጥ። እንስሳ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄድን። «አይዟችሁ የኔ ልጆች» አለን፣ ገንዳውን ሳያይ፣ የሙቀት መጠኑን ሳይጠይቅ፣ የበቀለው ምን ዓይነት አልጌ እንደሆነ ሳይሰማ፤ «ሃያ ቀንድ አውጣ፣ አስር ሸርጣን፣ አንድ የባሕር ጥንቸል። በሳምንቱ መስተዋት ይሆንላችኋል።» ከፈልን። አመስግነን ወጣን።

ከሃያዎቹ ቀንድ አውጣዎች ስምንቱ ናሳሪየስ የሚባሉት ነበሩ። ናሳሪየስ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውልና የሥጋ ሽታ ሲሰማው ይወጣል፤ ምግቡ የሞተ ዓሣና ትርፍራፊ ነው። አልጌ አይበላም። ጥንብ አንሣን ጎመን እንዲያርም መቅጠር በሉት። ስድስቱ ማርጋሪታ ነበሩ፤ ይህ ዘር የሰሜን ፓስፊክ፣ የቀዝቃዛ ውሃ ፍጥረት ነው። የኛ ገንዳ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ቀስ ብለን ቀቀልናቸው ማለት ነው። የቀሩት ስድስቱ አስትሪያ ናቸው፣ ከካሪቢያን። ጎበዝ በላተኛ ናቸው፤ ነገር ግን አንዴ በጀርባቸው ከወደቁ አሸዋ ላይ መገልበጥ ይቸግራቸዋል። በየቀኑ ጠዋት እየዞርን እናቃናቸው ነበር። አንድ ቅዳሜና እሑድ ክፍለ ሀገር ወጣን፤ ስንመለስ ሦስቱ ተገልብጠው የሸርጣን ራት ሆነዋል።

ኸርሚት የሚባለው ሸርጣን የራሱ ቅርፊት የለውም፤ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት ፈልጎ ይገባል። ባዶ ቤት ካጣ ደግሞ ባለቤቱን ገድሎ ይገባል። ለአስር ሸርጣን ትርፍ ቅርፊት አብሮ መግዛት እንዳለብን ማንም አልነገረን፤ ቤት አጥቶ ሰፈር የለቀቀ ሰው ይህን መርሳት አልነበረበትም።

የባሕር ጥንቸሏን ነገር ስንጽፍ አሁንም ያፍረናል። ከሁሉም ሥራዋን በትክክል የሠራች እሷ ናት። በዘጠኝ ቀን ያንን ለምድ ጨርሳ አጨደችው። ፎቶ አነሣናት፣ ለጓደኛ ሁሉ ላክን። በአስረኛው ቀን የሚበላ አልነበረም። የባሕር ጥንቸል እንክብል አይበላም፣ የዓሣ መኖ አይበላም፤ አልጌ ብቻ። መልሰን የምንሰጥበት ቦታ የለም፤ ነጋዴው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለን። ዕቃ! በአራተኛው ሳምንት በረሃብ ሞተች፤ በመልካም ሥራዋ ምክንያት።

ሬሳዋን እስክናገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ከሳምንት በኋላ አልጌው በቀድሞው ቦታ በቀለ። ይህ ለምን እንደሆነ መረዳት የዚህ ጨዋታ ሁሉ ቁልፍ ነው፤ ፎርሙላ አያስፈልገውም። በልቶ የማይወጣ ፍጡር የለም። ቀንድ አውጣው አልጌውን ሲበላ አልጌው ውስጥ የነበረው ፎስፌትና ናይትሮጅን የት ይሄዳል? ጥቂቱ ሥጋው ይሆናል፣ የቀረው በኩስና በአሞኒያ መልክ እዚያው ውሃ ላይ ይፈስሳል። ሥጋውም ቢሆን ሲሞት ወደዚያው ነው። ገንዳው መውጫ የሌለው ክፍል ነው። ቆሻሻው ከክፍሉ የሚወጣው እኛ ስናወጣው ብቻ ነው፦ አልጌውን በእጅ ነቅለን ስንጥል፣ ውሃውን ስንለውጥ፣ ስኪመሩ የሰበሰበውን አረፋ ስናፈስስ፣ ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ ስናስገባ። አልጌ ደረሰኝ ነው፤ በቀን ስንት ቁንጥር መኖ እንደበተንን፣ በቧንቧ ውሃው ምን እንደጨመርን ተመዝግቦበታል። ቀንድ አውጣ ደረሰኙን ቢበላ ዕዳው አይሰረዝም።

ጣናን አስቡት እስቲ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ስንት ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ ነቀለ፣ ስንት ማሽን ተገዛ፣ ስንት ስብሰባ ተደረገ። እምቦጭ የሚበላው ጥንዚዛ ይምጣ የሚሉም አሉ፤ ይህ ጥንዚዛ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ውጤት አሳይቷል፣ በነገሩ አንቀልድም። ነገር ግን ከማሳው ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚለቀቀው ፍሳሽ እንደነበረ ከቀጠለ ጥንዚዛው ያለማቋረጥ የሚቀለብ ጡረተኛ ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይህን በፍሎሪዳ የሚጻፍ መመሪያ አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ቀንድ አውጣ» የሚለው ቀመር ሁሉ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ሌሊት ደግሞ አልጌውም ኮራሉም ኦክስጅን መሥራቱን ትቶ ተጠቃሚ ይሆናል፤ ዝቅተኛው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው። አሁን በዚያ ሰዓት መብራት ይጥፋ። ጠፋም። ፓምፑ ቆመ። በአስራ አንድ ሰዓት ስንነቃ ዓሦቹ ውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ሁሉ ወድቋል። ከሠላሳ አንዱ ነፍስ በመጨረሻ የተረፉት ሦስት ናሳሪየስና አንድ ሸርጣን ናቸው።

«እና እነዚህ እንስሳት አያስፈልጉም ነው የምትሉት?» አይደለም። በካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 ዲያዴማ የሚባለው ረጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በበሽታ አለቀ፤ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው። በጃማይካ ሪፎች ላይ በ1970ዎቹ መጨረሻ 4 በመቶ ብቻ የነበረው አልጌ በ1990ዎቹ መጀመሪያ 92 በመቶ ደረሰ። ግን አስተውሉ፤ አልጌ በሊታዎቹን ዓሦች ሰው ቀድሞ አጥምዶ ጨርሷቸው ስለነበር ነው ሸክሙ ሁሉ በአንድ ጃርት ጫንቃ ላይ የወደቀው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ጃርት በኛው ጎረቤት በቀይ ባሕር እያለቀ ነው። ሱቅ ውስጥ «አንድ ጃርት ስጡኝ» ስትሉ ከየት እንደተነቀለ ጠይቁ፤ ለገንዳ ከሚሸጡት ቀንድ አውጣዎችና ጃርቶች አብዛኞቹ ከባሕር የተለቀሙ እንጂ የተራቡ አይደሉም።

ቀይ ባሕር ካነሣን አይቀር፣ ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ምፅዋና ጎንደር ቆይቶ ሲመለስ የቀይ ባሕርን ዓሦች «የአቢሲኒያ እንስሳት» በሚል መጽሐፉ ውስጥ ነበር ያካተታቸው። ያኔ ባሕር ነበረን፣ አሁን ገንዳ አለን። ሩፔል ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው አንዱ ጥቁሩ ጥንቸል ዓሣ ነው፣ አልጌ በሊታ። የስዊዝ ካናል እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ በኋላ ይህ ዓሣና ዘመዱ ወደ ሜድትራኒያን ተሻገሩ፤ በቱርክ ዳርቻ ስንትና ስንት ፍጥረት የሚጠለልበትን የባሕር አረም ግጠው ድንጋዩን ራቁቱን አስቀሩት። በቤቱ አጽጂ የነበረው በሰው ቤት አጥፊ ሆነ።

አሁን እንዴት እንመርጣለን? አንደኛ ነገር፣ አንቸኩልም። አዲስ ገንዳ ላይ የሚታየው ቡናማ ዱቄት ዳያተም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል፣ ለእሱ ብሎ እንስሳ መግዛት ሞኝነት ነው። ቀይ ንፍጥ የሚመስለው ከነጭራሹ አልጌ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው፤ ከሞላ ጎደል የሚበላው የለም። አረፋ ያዘለ ክር መስሎ የሚንሳፈፈው ዳይኖፍላጀሌት ከሆነ ደግሞ መርዛማ ሊሆን ይችላል፣ የበላውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ከዚህ ሁሉ የተለየ እውነተኛ አልጌ ሲሆን ብቻ ትሮከስ እንገዛለን፤ ሲወድቅ ራሱን ያቃናል፣ ሞቃት ውሃ ይወዳል። ሴይልፊን ታንግ ውብ ዓሣ ነው፣ አልጌም ይበላል፤ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ ግን 300 ሊትር ውስጥ ማስገባት ጎሽን በረት ውስጥ ማሰር ነው። የባሕር ጥንቸል አንገዛም፣ አበቃ። ከመግዛታችን በፊት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለን፦ ይህ አልጌ ካለቀ በኋላ ይህ እንስሳ ምን ይበላል?

ነጋዴዎችስ? የምንጠይቃቸው ብዙ አይደለም። ፌስታሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉልን፦ የእንስሳውን ትክክለኛ ስም፣ የሚኖርበትን የውሃ ሙቀት፣ የሚበላውን። ለዳቦ ግራም ይጻፍልን ብለን የምንጮህ ሰዎች ለነፍስ ይህን ማለት ከበደን?

ባሁኑ ሰዓት ገንዳችን ውስጥ አራት ትሮከሶች አሉ፣ ከሦስቱ ናሳሪየስና ከአንዱ ሸርጣን ጋር፤ ሸርጣኑ አምስት ባዶ ቅርፊት ተገዝቶለት በየሳምንቱ ቤት ይቀያይራል፣ ከኛ የተሻለ ይኖራል። ለመብራት መጥፊያው በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስገብተናል። እሑድ እሑድ ጠዋት አንዳችን ተራ ይደርሰዋል፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዞ ድንጋዩን ይፈትጋል፣ የተፈተገውን በቱቦ ከ30 ሊትር ውሃ ጋር ያወጣል። በዚህ ሳምንት ተራው የኔ አይደለም የሚለው ልጅ ይህን ጽሑፍ ከኛ ጋር የጻፈው ነው።