ደጋ ላይ የሚተነፍስ ሞተር

ፖርሽ 911 ቱርቦ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ መልኩንም ሆዱንም እየቀያየረ እዚህ ደርሷል፤ የመኪና ወዳጆችም «የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ?» እያሉ ሲከራከሩ ይኸው ሃምሳ ዓመት ሞላቸው። የድሮውን የሚወደው ሞተሩ በመፍቻ የሚፈታ፣ በጆሮ የሚታወቅ ነው ይላል። አዲሱን የሚመርጠው ደግሞ ጉልበቱን፣ ቁጥብነቱንና ፍሬኑን ይቆጥራል። ይህ ክርክር አዊ ዞን ውስጥ፣ ኢንጅባራና ዳንግላ ላይ ሲሰማ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። እኛም ባለቱርቦ መኪና አለን፤ ትውልዱ እየተቀያየረ ገዢውን የሚያምታታ፣ ሾፌሩ እንደ ውድድር መኪና የሚያበረው፣ በዚሁ ጠባዩም «አል ቃይዳ» የሚል ቅጽል ያተረፈ። ከፖርሽ የሚለየው ጀርባው ላይ የፋግታ ለኮማ ከሰል ወይም የባንጃ ድንች መጫኑ ነው። አይሱዙ ኤንፒአርን ማለቴ ነው። ያገለገለ ኤንፒአር ለመግዛት ገንዘብ ያሰባሰበ የአዊ ነጋዴ ሦስት ትውልድ ይቀርብለታል፦ ቱርቦ የሌለው የቀድሞው፣ ቱርቦ ኖሮት ፖምፓው ግን በሜካኒክ የሚሠራው መካከለኛው፣ ቱርቦውም የናፍጣ መርጫውም በኮምፒውተር የሚታዘዘው የቅርቡ። ዛሬ ባለው ሁኔታ ለዚህ አካባቢ የሚበጀው መካከለኛው ነው ብዬ እከራከራለሁ። ምክንያቴ ከሰል ከሚጭነው ሰው ኪስ በፊት ከአየሩ ይጀምራል።

ቱርቦ ሲባል ብዙ ሰው ፍጥነት ይታየዋል። ስሙን ያስጠራው ግን ከፍታ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በባለቤትነት ካስመዘገበ በኋላ፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይተነፍሳል። ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ያንሳል። ቱርቦ በማርሚታ ሊወጣ የነበረውን ትኩስ ጭስ ማራገቢያ እንዲያሽከረክር አድርጎ፣ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለው ሌላ ማራገቢያ ደግሞ አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። የስፖርት መኪና ሠሪዎች የወረሱት ይህንኑ የተራራ መድኃኒት ነው።

ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ኢንጅባራ 2,500 ሜትርን ታልፋለች። በኢንጅባራ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ የሚጠጋ ያንሳል። እንግዲህ ቱርቦ የሌለውን ኤንፒአር እንይ። 4ኤችኤፍ1 የሚባለው ባለ 4.3 ሊትር ሞተሩ ፋብሪካው ወረቀት ላይ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት አለው። ኢንጅባራ ላይ ሩቡን ገደማ ሲያጣ ከሰማንያዎቹ ብዙ የሚያልፍ አይቀረውም፤ እሱም ሞተሩ አዲስ ከሆነ ነው። ፖምፓው ግን አየር ማነሱን አያውቅም። ለቆላ የተለካለትን ናፍጣ ለደጋውም እኩል ይረጫል። የሚያቃጥለው አየር ያጣው ናፍጣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከቡሬ በጥሊሊ በኩል ወደ ኢንጅባራ የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ ኋላ የተሰለፈ ሁሉ የሚያውቀው ጭስ ነው፤ ብዙዎች የሞተር እርጅና ያደርጉታል፣ ገሚሱ ግን የከፍታ ጉዳይ ነው። ባለንብረቱ የሚከፍልበት ናፍጣ ነው ወደ ሰማይ የሚሄደው። ሜካኒኩ ፖምፓውን ሊቀንስለት ይችላል፤ ያኔ ጭሱ ይጠፋል፣ ጉልበቱም አብሮ ይጠፋል። አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጎሃ ጽዮን በኩል ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገቱን በጨረሰ ቁጥር ትንፋሹ እያጠረ ስለሚሄድ፣ ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተጣብቆ ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ይወጣል። ከኢንጅባራ በቻግኒ ወደ ጉባ ቆላ የሚወርደውና የሚመለሰውም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ቀን ከስስ አየር ወደ ወፍራም፣ ከወፍራም ወደ ስስ። እንዲህ ላለ መንገድ ቱርቦ ጌጥ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው።

ታዲያ ቱርቦ ይህን ያህል ካስፈለገ ለምን የመጨረሻው ዘመናዊ አይገዛም? እዚህ ላይ ነው ብዙ ገዢ የሚሳሳተው። በቅርቡ ትውልድ፣ በ4ኤችኬ1 ሞተር፣ ናፍጣው ኮመን ሬይል በሚባል አንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ከሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት ታምቆ ይጠብቃል፤ መቼና ስንት እንደሚረጭ የሚያዝዘው ኮምፒውተሩ ነው። ጉልበቱ ከ150 ያልፋል፣ ጭሱም የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ግፊት የሚያልፍበት የኢንጀክተር ቀዳዳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አቧራም ሆነ ጠብታ ውሃ አይችልም። ማደያው ባዶ ሲሆን ናፍጣ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ የምናውቀው ነው፤ በጄሪካን፣ በበርሜል፣ አንዳንዴም በሃይላንድ። በርሜሉ ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። የክረምቱ ዝናብ በሚበረታበት በአዊ በርሜል ክዳኑ ሳይጠብቅ ካደረ ውሃ መግባቱ አይቀርም። አሮጌው ፖምፓ ይህን ሲውጥ ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ፊልትሮው ተቀይሮለት መንገዱን ይቀጥላል። ኮመን ሬይሉ ሲውጥ ግን ኢንጀክተሩ ይቀረቀራል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ የሚታየው ነገር የለም። መብራቱ የሚናገረውን የሚያነብ መሣሪያ፣ መሣሪያውን የሚረዳ ሰው፣ ሰውዬው የሚያዘው ኢንጀክተርም ከአዲስ አበባ ሊጠበቅ ነው። የጸጥታው ችግር መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ መጠበቁ ስንት ቀን እንደሆነ ማን ይናገራል? ድንቹም ከሰሉም ጀርባው ላይ ነው። ከሰሉ ይታገሳል፣ ድንቹ ግን አይታገስም።

መካከለኛው ትውልድ፣ ኤንፒአር 71 የሚባለው፣ 4ኤችጂ1-ቲ ሞተር አለው፤ 4.6 ሊትር ገደማ፣ ወደ 120 የፈረስ ጉልበት። ከቀድሞው በወረቀት የሚበልጠው በአሥር ፈረስ ብቻ ነው፤ ፖርሽ ገዢ ቢሆን ኖሮ ለአሥር ፈረስ አይኑንም አያዞርም። ኢንጅባራ ላይ ግን ያኛው በሰማንያዎቹ ሲንገታገት ይህኛው አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ስለሚቀር፣ ልዩነቱ ከአሥር ወደ ሠላሳ ይጠጋል። በወረቀት የማይታየው የከፍታው ሒሳብ ይህ ነው። ናፍጣውን የሚመግበው ደግሞ ማንኛውም የፖምፓ ባለሙያ ፈትቶ የሚያጥበው፣ መልሶ የሚገጥመው ፖምፓ ነው፤ ዕቃውም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የደጋውን ትንፋሽ ከአዲሱ፣ የጋራዡን ቋንቋ ከአሮጌው ወስዶ የያዘ መኪና ይህ ነው።

«ቱርቦ የሌለው ቱርቦ አይበላሽበትም» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚሽከረከር በቀጭን የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም ከተቋረጠ ያልቅለታል። ግን አብዛኛውን ቱርቦ የሚገድለው ዕድሜው አይደለም፣ ሾፌሩ ነው። የአባይን ዳገት ጨርሶ ደጀን ላይ ምሳ የሚበላ ሾፌር፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ እንደቆመ ቁልፉን ጠቅ አድርጎ ይወርዳል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል፤ እንደ ፍም የጋለው ቱርቦ ግን ገና እየዞረ ነው። በውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እንደ ድስት ጥላሸት ዘንጉ ላይ ይጋገራል። ሞተሩን ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ማቆየት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ረዳቱ ጎማ እየረገጠ ሸራውን እስኪያይ ድረስ ሦስት ደቂቃ ያልፋል። እንግዲህ የሦስት ደቂቃ ልማድ ለማስተማር ከመድከም ሩብ ጉልበት መጣል ይሻላል የሚል ሰው ካለ፣ ክርክሩ ስለ መኪና መሆኑ ቀርቶ ስለ ሾፌር ሆኗል ማለት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከሌላ ወገን ነው የሚመጣው። አዲሱ ትውልድ ለአንድ ጉዞ የሚፈጀው ናፍጣ ያነሰ፣ ጭሱ የጠራ፣ ፍሬኑም የተሻለ ነው። ስለ ናፍጣው የምመልሰው አለኝ፤ የተቆጠበው ናፍጣ አንድ ጊዜ አራት ኢንጀክተር በተቀየረ ቀን ይመለሳል። ስለ ፍሬኑ ግን የምመልሰው የለኝም። አባይ በረሃን ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ቱርቦው አይረዳውም፤ የሚረዳው ፍሬንና በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሾፌር ነው። ስለዚህ ጋራዡም ደንበኛውም አዲስ አበባ የሆነ፣ ናፍጣ ከታወቀ ማደያ ብቻ የሚቀዳ፣ ለጥገና ገንዘብ መድቦ የሚሠራ ባለንብረት አዲሱን ቢገዛ አልከራከረውም። የእኔ ክርክር አንድ መኪና ብቻ ላለውና ያ መኪና ሲቆም ቤቱ ለሚቆምበት ሰው ነው። በአዊ መንገድ ላይ የሚበዛውም እሱ ነው።

መንግሥት በበኩሉ አዲሱን እንድንመርጥ ይፈልጋል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተወስኗል። ዓላማው አይጠላም። ነገር ግን አሮጌ መኪና ከመንገድ የሚወጣው አዲሱን የሚጠግን ሰው ሲኖር ነው። ሜካኒኮቻችን ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታ እያሉ የሚጠሩት የጣሊያን ቃል ከመኪናው ጋር አብሮ የገባ የሙያ ቋንቋ ነው፤ የኮመን ሬይል ቋንቋ ግን ከመኪናው ጋር አልመጣም። የዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መመርመሪያ መሣሪያውን ገዝተው ወጣቱን ቢያስተምሩበት፣ ይህ ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ ቢሆን ደስ ይለኛል። የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ ከሁሉ ያስገርማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ኢንጅባራና ጉባ ለእሱ አንድ ናቸው፣ አባይን ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለደጋ አገር የተሠራ ይመስላል። መንገድ ዳር የሚሞላበት ቦታና ሙሉ ጭነት የሚችል ባትሪ በተመጣጣኝ ዋጋ እስኪገኝ ግን ከሰሉን የሚያወጣው ናፍጣ ነው።

እስከዚያው ገዢው ዓመተ ምሕረት ብቻ አይጠይቅ። አዊ ፈረስ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ በ1932 የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን በፈረስ ጉግስ ሲያከብር፣ እዚያ ከተሰለፉት ፈረሶች አንዱንም አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ የሚገዛ የለም። የኤንፒአር 71 ጥርስ ቱርቦው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚገባውን ጎማ ቱቦ ፈትቶ ማውጣት ነው። ውስጡ ዘይት የቋጠረ ከሆነ ምክንያቱ ይጠየቅ። ከዚያ ሁለት ጣት አስገብቶ የማራገቢያውን ጫፍ ይዞ መነቅነቅ፤ ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ የአባት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ወይም ምላጩ ግድግዳውን ፍቆ የሚያብለጨልጭ ጭረት ካስቀመጠ፣ ቱርቦው አብቅቷል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ ማርሚታውን ማየት ነው፤ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ አየር አጥሯል። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ይሠራል» ቢል እንኳ የአዲስ ቱርቦ ዋጋ ከጠየቀው ላይ ይቀነስ፤ ካልቀነሰ ዳንግላም ኢንጅባራም ሌላ አይሱዙ አይጠፋም።