ታሪክ ከአልባሳት ወደ ጥበበ እድ

በየዓመቱ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 23 ቀን በደረሰ ጊዜ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕፃናት ነጭ ለብሰው፣ ከካርቶን የተቆረጠ ጋሻ አንግበው ሲፎክሩና ሲያቅራሩ እናያለን፤ ኅዳር 29 ቀን፣ በብሔር ብሔረሰቦች በዓልም፣ እነዚያው ሕፃናት የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ልብስ ተጎናጽፈው ሲጨፍሩ ወላጅ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል። ልማዱ ከበጎ ፈቃድ የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን በዓሉ አልፎ ልብሱ ወደ ተከራዩት ሱቅ በተመለሰ ማግስት ሕፃኑ ስለዚያ ዘመን ሰዎች አኗኗር፣ ድካምና ብልሃት ምን ዐወቀ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እጅግ ያጠረ ይሆናል። ስለዚህ በታችኞቹ ክፍሎች ታሪክ ሕያው ሆኖ ይሰጥ ዘንድ የምንሻ ሁሉ፣ ሕፃናቱ የጥንቱን ሰው እንዲያስመስሉ ከማድረግ ይልቅ የጥንቱ ሰው የሠራውን ሥራ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ ማድረግ ይገባናል እላለሁ።

ምሳሌውን ከዚያው ከዓድዋ እንውሰድ። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ከየአገሩ የመጣው ጦር በየመንገዱ እየተጨመረበት ወደ 100,000 እንደ ደረሰ የሚገመተው ሠራዊት ያን የወራት ጉዞ የተጓዘው በጀግንነት ብቻ ሳይሆን በስንቅም ጭምር እንደ ነበረ የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ መስመር ይናገር ይሆናል፤ ለሕፃኑ ግን ነገሩ የሚገባው ገብሱን ራሱ ሲፈጭ ነው። አንዲት አያት ወደ ክፍል ተጠርተው ገብሱ እንዴት እንደሚታመስ፣ እንደሚሸከሸክና እንደሚቆላ ካሳዩ በኋላ ተማሪዎቹ በየተራ መጁን ይዘው አንድ ጣሳ ገብስ በሶ እስኪሆን በድንጋይ ወፍጮ ላይ ይፍጩ፤ ከዚያም የሒሳብ መምህራቸው ለአንድ ወታደር በቀን ይህ ያህል ቢበቃው ለ100,000 ሰው በወር ስንት ያስፈልጋል ብለው ያስሏቸው። ክንዱ የዛለ ሕፃን ያን ጊዜ ማንም ሳይጎተጉተው ይህን ሁሉ ማን ፈጨው፣ ማንስ ተሸከመው ብሎ ይጠይቃል፤ በዚህም ጥያቄ ስማቸው በታሪከ ነገሥት ያልተጻፈው፣ ከጦሩ ጋራ የዘመቱት ሴቶች፣ አገልጋዮችና አጋሰስ ነጂዎች ወደ ትምህርቱ ይገባሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ብራና ነው። ቁም ጸሐፊ የፍየሉን ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጥረዋል፤ ሥጋውንና ስቡን ፍቆ፣ ፀጉሩን አስወግዶ፣ በድንጋይ አሽቶ ካለሰለሰው በኋላ በወስፌ ያሰምርበታል፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል አዘጋጅቶ ለወራት ያቆየዋል፤ ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበትን ቀይ ቀለም ለብቻው ያሰናዳል፤ ብዕሩንም ከመቃ ይቀርጻል። ይህን ጥበብ የሚያውቅ ሊቅ ወደ ክፍል መጥቶ የተዘጋጀ ቁራጭ ብራና ለየተማሪው ቢያድልና እያንዳንዱ ስሙን በመቃ ብዕር ቢጽፍበት፣ አንዱን ገጽ ያለ ስሕተት መፈጸም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሕፃኑ በጣቶቹ ይረዳዋል፤ ከዚያም በኋላ በስድስት ኪሎ ቤተ መዘክር ወይም በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ ቢመለከት የሠራተኛውን ድካም አስቦ ይቆማል እንጂ ዐይቶት ብቻ አያልፍም።

ከዚህ የሚበልጥም ጥቅም አለ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን በክፉ ስም መጥራት በአገራችን የቆየ ነውር ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በዐዋጅ እስከ ማዘዝ ቢደርሱም ስድቡ ከአንደበት ወደ ልብ ሸሸ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ነገር ግን ሸማኔው በጥቁር ሰሌዳው ፊት መምህር ተብሎ የቆመለት፣ እንዝርት ለማሾር ሞክሮም ፈትሉ ደጋግሞ የተበጠሰበት ልጅ፣ ያንን ባለ እጅ ለመናቅ ኅሊናው በቀላሉ አይፈቅድለትም።

እንዲህ ያለ ባለ እጅ ገና በመካከላችን መኖሩ ራሱ ዕድል ነው። በስዊድን አርቱር ሃዜሊዩስ በ1891 እ.ኤ.አ. ስካንሰን የተባለውን ቤተ መዘክር በስቶክሆልም ሲከፍት ከየአውራጃው የገበሬ ቤቶችን አስነሥቶ ያመጣው የገጠሩ ኑሮ ፈጥኖ ሲጠፋ ስላየ ነው። እነርሱ ለጠፋው መታሰቢያ ብዙ ገንዘብ ሲያወጡ እኛ ግን ያልጠፋውን፣ በጎረቤታችን ያለውን ሳንጠቀምበት እንኖራለን፤ ዶርዜ ሽመናው፣ ሐረር ስፌቱና የመጻሕፍት ጥረዛው፣ አፋር የጨው ጥረባው፣ ኮንሶም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የእርከን ሥራው አለው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየአጥቢያው ካለው ቢጀምር የሚርቅበት ነገር የለም።

ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ ትምህርቱም በፈረቃ ነው የሚሉ መምህራን እውነት አላቸው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ሳይሆን በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ሥራ ብቻ ተመርጦ፣ በአካባቢ ሳይንስና በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቹ በቡድን ተከፍለው ቢሠሩት ይበቃል። ባለ እጁም የዕለት ዋጋውን ትቶ የሚመጣ ነውና ክፍያ ሊታሰብለት ግድ ይሆናል፤ ምስጋና ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ያንኑ ንቀት በሌላ መንገድ ማስተማር ነው። ሌላም ወሰን አለ፤ ባርነትንና ገባርነትን የመሰለ መከራ ሕፃናት በጨዋታ እንዲያስመስሉት ማድረግ በደል ስለ ሆነ፣ ይህ በመምህሩ ትረካና በልጆቹ ጥያቄ ይሰጥ እንጂ በትርኢት አይሁን።

ዛሬ ስለ ታሪካችን የሚከራከር ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ፍርዱን ከአባቱ ወርሶ የመጣ ነው። ከመፍረዱ በፊት መጠየቅን የለመደ ትውልድ የምንፈልግ ከሆነ ጥያቄው የሚወለደው ልጅ በሠራው ሥራ ላይ መሆኑን እንወቅ። ትምህርት ሚኒስቴርና የየክልሉ ትምህርት ቢሮዎች ለዚህ ሥራ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቦታ፣ በበጀቱም ውስጥ ጥቂት ብር ይመድቡ፤ ርእሳነ መምህራንም መመሪያ እስኪወርድ ሳይጠብቁ በሚመጣው የካቲት ከካርቶኑ ጋሻ አስቀድመው ወፍጮውን ወደ ክፍል ያስገቡ።